ዳኛ ሲታጣ

አባቶቻችን «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላሉ። ዳኛ ሲታጣስ ምን ይደረጋል? በዘንድሮው የሰፈር ውድድራችን ይህ ጥያቄ በኛ ላይ ደረሰ። ዓርብ ጠዋት ሁለቱም ቡድኖች ማሊያ ለብሰው ቆመዋል፣ ኳሱ ተነፍቷል፣ ዳኛ ግን የለም። ሰንበት ሳይገባ መጨረስ ስላለብን ብዙ መጠበቅ አልቻልንም። በመጨረሻ ከመካከላችን አንድ የ17 ዓመት ልጅ ፊሽካውን ወሰደ። በሁለተኛው አጋማሽ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ የወረደበትን ስድብ እዚህ አንጽፈውም። ጨዋታውን ጨርሶ ፊሽካውን መለሰልን፤ በሚቀጥለው ዓርብ አልመጣም። ተሳዳቢዎቹ ደግሞ ከሌላ ቦታ የመጡ አልነበሩም። እኛው ነን።

ለመሆኑ እግር ኳስ ዳኛን ከየት አመጣው? በ1863 ለንደን ላይ የእግር ኳስ ማኅበር ተቋቁሞ የመጀመሪያው ሕግ ሲጻፍ፣ ስለ ዳኛ አንድም ቃል አልነበረበትም። ክርክር ሲነሣ አምበሎቹ ተነጋግረው ይጨርሱት ነበር። ጨዋታው ሲስፋፋና ዋንጫ ሲመጣ ግን መስማማት እየቀረ ሄደ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ዳኛ ይዞ መምጣት ጀመረ። ሁለቱ ዳኞች ካልተስማሙ ደግሞ ከሜዳ ውጪ የቆመ ሦስተኛ ሰው ይጠየቃል። «ሬፈሪ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ጉዳይ የሚቀርብለት ሰው ማለት ነው። በ1891 ይህ ሦስተኛ ሰው ወደ ሜዳው ገባ፤ ሁለቱ ወጥተው የመስመር ዳኞች ሆኑ። ፍጹም ቅጣት ምትም የተደነገገው በዚያው ዓመት ነው።

ይህንን ለአንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ስናጫውታቸው ሳቁ። «ይኼማ የኛው ሽምግልና ነው፣ ልጆቼ!» አሉን። እውነታቸውን ነው። በአገር ቤት ሁለት ሰዎች ሲጣሉ እያንዳንዱ የሚያምነውን ሽማግሌ ይመርጣል፤ በመካከል ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው ይቀመጣል። በድሮው ጊዜ ተከራካሪዎች መንገደኛ አስቁመው «ይዳኙን» ማለት ይችሉ ነበር፤ መንገደኛውም ቆሞ ይሰማቸዋል። በአማርኛ የችሎቱም የሜዳውም ሰው «ዳኛ» ነው፤ በዕብራይስጥም ሁለቱም «ሾፌት» ናቸው።

እኛ ጋ የጎደለው ምንድን ነው? ሽማግሌ የመረጠ ሰው፣ ፍርዱ ባይጥመውም ቃሉን ያከብራል። እኛ ግን ዳኛ ለምነን እናመጣለን፣ ሲፈርድ እንሰድበዋለን።

ነገሩ ከስድብ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን በኔዘርላንድ ታይቷል። እዚያም በአማተር ጨዋታ ላይ የመስመር ዳኛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የተጫዋች ወላጅ ነው። በዲሴምበር 2012 አልሜር በምትባል ከተማ፣ የልጁን ክለብ ለመርዳት ባንዲራ የያዘ አባት ከጨዋታው በኋላ በተጋጣሚው ቡድን ወጣቶች ተደብድቦ በማግሥቱ ሞተ። በቀጣዩ ቅዳሜና እሁድ በአገሪቱ የአማተር ጨዋታ በሙሉ ተሰረዘ። በኋላም ስድስት ወጣቶችና አንድ አባት በፍርድ ቤት ተፈረደባቸው።

መፍትሔውም ከጥንቱ ብዙ አይርቅም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ2008 በጀመረው የመከባበር ዘመቻ፣ በልጆች ጨዋታ ወላጆች ከገመድ ጀርባ እንዲቆሙ፣ ለቡድኑም አምበሉ ኃላፊነት ወስዶ ዳኛውን እንዲያነጋግር አደረገ። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫም ስለ ውሳኔ ዳኛውን መጠየቅ የተፈቀደው ለአምበሉ ብቻ ነበር። ዞሮ ዞሮ ነገሩ ወደ አምበሉ ተመለሰ ማለት ነው።

እኛም ለመጪው ውድድር ተስማምተናል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሰው ለዳኝነት ያስመዘግባል፤ እነሱም ቡድናቸው በማይጫወትበት ዓርብ ሌሎችን ይዳኛሉ። ዳኛ ያላስመዘገበ ቡድን አይጫወትም። ዳኛውን የሚያነጋግረው አምበል ብቻ ነው፤ ወላጆችም ጓደኞችም ከገመዱ ጀርባ። እኅቶቻችንም ተመዝገቡ፤ ኢትዮጵያዊቷ ሊዲያ ታፈሰ ለ2019 የሴቶች የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዷ ነበረች።

ከሁሉ በፊት ግን ሦስት ሆነን ወደዚያ ልጅ ቤት ሄድን። እናቱ ቡና አፈሉልን፤ እኛም ይቅርታ ጠየቅነው። ፍጹም ቅጣት ምቱም ትክክል እንደነበረ ነገርነው። «አስብበታለሁ» አለን። እየጠበቅነው ነው፤ እስከዚያው ግን ሌሎቻችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ።