ሂስ የወለዳቸው ቃላት፤ የሳይንስ መጽሐፍ ገምጋሚና ደራሲ ውይይት በሙያ ቃላት ታሪክ ውስጥ

ስለ ሙያ ቃላት አፈጣጠር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጡት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው ተመራማሪው ላገኘው አዲስ ነገር ስም የሚያወጣበት ቤተ ሙከራ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ባለሙያዎች ተሰብስበው የቀረበላቸውን የቃላት ዝርዝር እየመረመሩ የሚያጸድቁበት ጉባኤ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሙሉውን ታሪክ ግን አይነግሩንም። ሳይንስን ለሕዝብ ለማስረዳት የተጻፉ መጻሕፍት ሲገመገሙ፣ ገምጋሚውም ከደራሲው ጋር ሲጻጻፍና ሲወያይ የተወለዱ ቃላት አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዛሬ በዓለም ቋንቋዎች ሁሉ የተሠራጩ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ሦስተኛ ቦታ በአንድ ዘመንና በአንድ አገር፣ ይኸውም በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ከታየው በመነሣት እንመረምራለን። ዓላማችን ታሪኩን ለታሪክነቱ መተረክ ብቻ አይደለም፤ በእኛ ዘንድ ቃል መራጭና መጽሐፍ ጻፊ ተለያይተው መሥራታቸው የሚያስከትለውን ጉዳት ለማሳየትም ነው። ዓመቶቹ የተሰጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄና መልስ እንደ መጽሐፍ

በ1806 ስለ ኬሚስትሪ በጭውውት መልክ የተዘጋጀ አንድ መጽሐፍ የደራሲ ስም ሳይኖረው ለንደን ላይ ታተመ። ደራሲዋ ጀን ማርሴት (1769–1858) ነበረች። ማርሴት የሃምፍሪ ዴቪን የኬሚስትሪ ንግግሮች ትከታተል ነበር፤ ነገር ግን ንግግሩ በቀጥታ አልገባ ይላታል። ግልጽ የሆነላት ከአንድ ወዳጅ ጋር ስለ ሰማችው ነገር እየተጨዋወተች ከመረመረችው በኋላ ነው። ስለዚህ መጽሐፉንም በዚሁ አኳኋን አቀናበረችው፤ አንዲት መምህርት ከኤሚሊና ከካሮላይን ጋር ትነጋገራለች፤ ልጃገረዶቹ ይጠይቃሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይታረማሉ። ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ የዚህ አቀራረብ ጥቅም ግልጽ ነው። አዲስ ቃል በጽሑፉ ውስጥ ሲገባ ተማሪዋ ወዲያው «ይህ ምን ማለት ነው?» ብላ ትጠይቃለችና ትርጓሜው ከቃሉ ጋር አብሮ ይጓዛል።

ይህን መጽሐፍ ካነበቡት ሰዎች መካከል በአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ቤት በተለማማጅነት ይሠራ የነበረ ወጣት ይገኛል፤ ማይክል ፋራዴይ። ፋራዴይ ይጠርዛቸው የነበሩትን መጻሕፍት ያነብ ነበር፤ ወደ ኬሚስትሪ ካስገቡትም አንዱ የማርሴት መጽሐፍ እንደ ነበረ በኋላ ራሱ መስክሯል። ስመ ጥር ሊቅ ከሆነ በኋላ ጽሑፎቹን ለእርሷ ይልክላት ነበር። እርሷም በ1845 ስለ ብርሃንና ስለ ማግኔት ያገኘውን አዲስ ነገር በሰማች ጊዜ፣ በምታዘጋጀው እትም ውስጥ ለማካተት ስለ ግኝቱ ጽፋ ጠይቃዋለች። እንግዲህ ግንኙነቱ ከደራሲ ወደ አንባቢ ብቻ የሚፈስ አልነበረም፤ አንባቢው አድጎ ደራሲዋን የሚያርም ሆኗል።

ገምጋሚው እንደ ስም አውጪ

በዚያው ዘመን የሙያ ቃላት ጉዳይ ሲያስቸግራቸው የሳይንስ ሰዎች የሚጽፉለት አንድ ሰው ነበር። ዊልያም ሂዩኤል (1794–1866) የላንካስተር አናጢ ልጅ ሲሆን በካምብሪጅ ተምሮ በዚያው አስተማሪ፣ ከ1841 ጀምሮም የትሪኒቲ ኮሌጅ አለቃ የሆነ ሊቅ ነው። ግሪክኛና ላቲን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሳይንስንም ታሪክ ይመረምራል። ቻርልስ ላየል ስለ ሥነ ምድር በሚጽፈው መጽሐፍ የቅርቡን ዘመን የምድር ንጣፎች ለመለየት ስም ባስፈለገው ጊዜ፣ በ1831 ሂዩኤል በደብዳቤ ካቀረበለት መካከል «ኢዮሲን»፣ «ማዮሲን»ና «ፕላዮሲን» ተመረጡ። ቃላቱ ከግሪክኛ የተቀመሩ ሲሆኑ የመጀመሪያው የአዲስ ዘመን ንጋትን፣ ሁለተኛው አዲስነቱ ያነሰውን፣ ሦስተኛው አዲስነቱ የበዛውን ያመለክታሉ። በ1974 ሉሲ የተገኘችበት የሐዳር ደለል የፕላዮሲን ነው ሲባል፣ ያ በሁለት ሰዎች ደብዳቤ የተመረጠ ስም እስከ አፋር ምድር መድረሱን ልብ ይሏል።

የላየል መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጽ በወጣ ጊዜ ደግሞ ሂዩኤል ራሱ በ1832 «ኳርተርሊ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ገመገመው። በዚህ ግምገማ የሥነ ምድር ሊቃውንትን በሁለት ወገን ከፈላቸው፤ የምድርን ገጽ የቀረጹት ዛሬም በዝግታ የሚሠሩት ኃይሎች ናቸው የሚሉትንና ታላላቅ ድንገተኛ መናወጦች ናቸው የሚሉትን ለይቶ ለየወገኑ ስም ሰጠ። ስሞቹ እስከ ዛሬ በሥነ ምድር ታሪክ ውስጥ ይሠራባቸዋል። ገምጋሚው እዚህ ላይ የሠራው የመጽሐፉን ደግነትና ክፋት መመዘን ብቻ አይደለም፤ ደራሲው ሳይሰይም የተወውን ልዩነት አይቶ ሰይሞታል።

«ሳይንቲስት» የሚለው ቃል አወላለድ

ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ምሳሌ የሜሪ ሶመርቪል (1780–1872) መጽሐፍ ግምገማ ነው። ሶመርቪል በስኮትላንድ ተወልዳ ሒሳብን አብዛኛውን በራሷ ጥረት የተማረች ናት። በ1827 ጠቃሚ ዕውቀትን ለሕዝብ ለማሠራጨት በተቋቋመ አንድ ማኅበር ስም የላፕላስን የሰማይ መካኒክስ በእንግሊዝኛ እንድታቀርብ ተጠየቀች፤ ሥራው ለማኅበሩ ተከታታይ እትሞች ከታሰበው በላይ ስለ ሰፋ በ1831 በሌላ አሳታሚ ወጣ። በ1834 ደግሞ የፊዚካል ሳይንሶችን ትስስር የሚያሳየውን መጽሐፏን አሳተመች። ይህን ስታዘጋጅም ሆነ በየእትሙ ስታርም ፋራዴይን የመሳሰሉ ሊቃውንትን ታማክር ነበር።

በመጋቢት 1834 የዚህ መጽሐፍ ግምገማ በ«ኳርተርሊ ሪቪው» ያለ ጸሐፊ ስም ወጣ፤ ጸሐፊው ሂዩኤል ነበር። ሂዩኤል ሳይንስ በየቅርንጫፉ እየተከፋፈለ መሄዱን፣ የሒሳቡ ሰው ከኬሚስትሪው ሰው፣ የኬሚስትሪውም ከተፈጥሮ ታሪኩ ሰው እየተራራቀ መምጣቱን ያትታል። ለመራራቁም ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው የቃል እጦትን ነው፤ ቁሳዊውን ዓለም የሚመረምሩትን ሰዎች በአንድነት የምንጠራበት ስም የለንም ይላል። በብሪታንያ የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር ስብሰባዎች ላይ ይህ ችግር እንደ ተነሣም ይተርካል። «ፈላስፋ» የሚለው ስም እጅግ ሰፊና ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ባለቅኔው ኮልሪጅም ተቃወመው። የፈረንሳይኛው ስም ትዕቢት የተሞላበት ከመሆኑም በላይ የባዕድ ነው ተባለ። የጀርመንኛውም አቻ ለመሳለቂያ የተመቸ ሆነ። አንድ ሰውም «አርቲስት» እንደሚባለው ሁሉ «ሳይንቲስት» ለምን አይባልም ቢል ብዙዎቹን አላስደሰተም ይላል። ያ ስሙ ያልተጠቀሰ ሰው ሂዩኤል ራሱ ነው።

እዚህ ላይ በቃላት ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ሊታረም የሚገባ አንድ ነገር አለ። «ሳይንቲስት» የተፈጠረው ሶመርቪልን «የሳይንስ ወንድ» ብሎ መጥራት ስለማይቻል ነው የሚል አባባል በብዙ ቦታ ይነበባል። በግምገማው ውስጥ ስለ ሴቶች የማስተዋል ችሎታ የሚናገር ክፍል መኖሩ እውነት ነው፤ ቃሉ የቀረበው ግን በዚያ ክፍል አይደለም። የቀረበው ስለ ሳይንስ መከፋፈል በሚናገረው ክፍል ነው፤ መነሻውም የማኅበሩ ስብሰባ ነው። ሶመርቪል ከቃሉ ጋር ያላት እውነተኛ ግንኙነት ከአፈ ታሪኩ ያነሰ ክብር የሚሰጣት አይመስለንም። የተበተነውን ሳይንስ በአንድ መጽሐፍ ያስተሳሰረች እርሷ ስለ ሆነች፣ ገምጋሚው የጎደለውን የወል ስም ለመፈለግ ምክንያት ያገኘው በሥራዋ ውስጥ ነው።

ቃሉ ግን ቶሎ አልጸደቀም። ሂዩኤል በ1840 በሌላ መጽሐፉ ደግሞ «ፊዚሲስት» ከሚለው ጋር አያይዞ አቀረበው። በአሜሪካ ቀድሞ ሲለመድ በብሪታንያ ግን ብዙዎች ሲጠየፉት ኖሩ፤ በ1924 እንኳ «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ተገቢነቱ ያከራክር ነበር። ከተወለደ ከዘጠና ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጉባኤ በአንድ ቀን ያጸደቀው ቃል በማግስቱ ሕዝብ ካልተናገረው ተስፋ የምንቆርጥ ሰዎች ይህን ልናስታውስ ይገባል።

የፋራዴይ ጥያቄ

በዚያው በ1834 ጸደይ ፋራዴይ ለሂዩኤል ጻፈ። ኤሌክትሪክ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ፈሳሹን የሚበታትንበትን ሁኔታ ሲመረምር፣ የቆዩት ቃላት አሳሳቱት። ሁለቱ ጫፎች እስከዚያ ድረስ «ዋልታ» ይባሉ ነበር። ዋልታ ደግሞ እንደ ማግኔት ይስባል የሚል ሐሳብ ያስከትላል፤ ፋራዴይ ግን የመበታተኑ ምክንያት የጫፎቹ መሳብ እንዳልሆነ ተረድቷል። ስለዚህ ከአንድ ሐኪም ወዳጁ ጋር ተማክሮ «ኤሌክትሮድ» ማለትም የኤሌክትሪክ መንገድ የሚለውን ቃል ያዘ፤ ሁለቱን ጫፎች ለመለየት ግን የቀመራቸው ስሞች አላረኩትም። ሂዩኤል «አኖድ» እና «ካቶድ» የሚሉትን መረጠለት፤ የመውጫና የመውረጃ መንገድ ማለት ነው። ፋራዴይ አቅጣጫውን ያሰበው ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ጋር አያይዞ ነበርና ቃላቱ ተስማሙት። ቀጥሎም «አዮን» ማለትም ተጓዥ የሚለው ከነሁለቱ ዓይነቶቹ ታከለ።

የፋራዴይን ጥንቃቄ ልብ እንበል። የፈለገው የኤሌክትሪክ ፍሰት ምንነት ወደ ፊት በሌላ መንገድ ቢተረጎም እንኳ የማይሻሩ ስሞችን ነው። በ1897 ኤሌክትሮን ከታወቀ በኋላ ስለ ፍሰቱ የነበረው አስተሳሰብ ሲለወጥ ስሞቹ አልተለወጡም። እንግዲህ ዛሬ «ኤሌክትሮድ»ን «ዋልታ» ብሎ የሚተረጉም ተርጓሚ፣ ግልጽ አማርኛ የተጠቀመ እየመሰለው ፋራዴይ ሆን ብሎ ያስወጣውን ስሕተት መልሶ ያስገባዋል። ግልጽነት ለሙያ ቃል መልካም ባሕርይ ነው፤ ነገር ግን ግልጽ ቃል የተሳሳተ ሐሳብንም በግልጽ ያስተላልፋል።

ወደ እኛ ስንመለስ

ሂዩኤል የገጠመው ችግር በአማርኛም አለ። «ሊቅ» ብንል የዜማውን፣ የቅኔውንና የትርጓሜውን መምህር ሁሉ ያጠቃልላል፤ «ፈላስፋ» ከ«አንጋረ ፈላስፋ» ጀምሮ የብሂልና የምክር ባለቤት ነው፤ «ጠቢብ» ከእጅ ሥራ ጋር ይዛመዳል፤ «ተመራማሪ» የማንኛውም ዕውቀት መርማሪ ነው። ስለዚህ «ሳይንቲስት» በውሰት ገብቶ ጸንቷል። ይህን የምናነሣው ውሰቱን ለመንቀፍ አይደለም። የትኛው ቃል ለምን እንደ ተጣለ የሚመሰክር የተጻፈ ውይይት በእኛ ዘንድ እምብዛም አለመኖሩን ለማመልከት ነው።

የራሳችንንም በደል እንናገር። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አዛውንት መምህር ፊዚክስን ለወጣቶች ለማስረዳት በአማርኛ ያሳተሙትን መጽሐፍ ገምግመን ነበር። ደራሲው «ክብደት» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገሮች፣ ማለትም ምድር ዕቃውን ለምትስብበት ኃይልም፣ በዕቃው ውስጥ ላለው የቁስ ብዛትም ያለ ልዩነት ተጠቅመውበታል። እኛም «መጠነ ቁስ» የሚል ቃል እያለ መሠረታዊውን ልዩነት አላወቁም ብለን ጻፍን። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ስብሰባ ላይ ተገናኘን። አልተቆጡንም። ከቦርሳቸው አንድ ደብተር አውጥተው፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ‹መጠነ ቁስ› ብዬ ነበር የጻፍኩት። ለልጆቹ አንድ ኪሎ ጥጥና አንድ ኪሎ ብረት አሳይቼ መጠነ ቁሱ የሚበልጠው የትኛው ነው ብላቸው ሁሉም ጥጡ ነው አሉኝ። ‹መጠን› ሲባል ትልቅነት ነው የሚታያቸው። ስለዚህ ቃሉን አወጣሁት፤ የምተካው ግን አጣሁ» አሉን።

ሁለቱን ነገሮች በአንድ ቃል መጥራታቸው ስሕተት እንደ ነበረ አሁንም እናምናለን። ነገር ግን ቃሉን ከሰበሰብነውና በካርድ ላይ ካሰፈርነው ከእኛ ይልቅ ጉድለቱን የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ። ሳናነጋግራቸው ብንፈርድባቸው ያጣነው የአንድን ሰው ወዳጅነት ብቻ አይደለም፤ በመዝገበ ቃላት ሥራ ከፍተኛ ዋጋ ያለውን የተጠቃሚ ማስረጃ ነው። ደራሲው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ያን ደብተርም ዳግመኛ ለማየት አልበቃንም።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ የሳይንስ መጽሐፍ የሚገመግም ባልደረባ ሁሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ደራሲውን ወይም ተርጓሚውን ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ሞክረው የጣሏቸው ቃላት የትኞቹ ናቸው? ሁለተኛ፣ የጣሏቸው አንባቢ ስላልተረዳቸው ነው ወይስ የተሳሳተ ነገር ስለ ተረዳባቸው? ሦስተኛ፣ ቃል አጥተው በሐተታ ያለፉት ሐሳብ ምንድን ነው? መልሶቹ ከግምገማው ጋር ቢታተሙ፣ የተጣለው ቃል ከነምክንያቱ ተመዝግቦ ይኖራል። የጥጡና የብረቱ ፈተና ዛሬ በካርዳችን ላይ ሰፍሯል፤ የመጣው ግን ከመጽሐፉም ከእኛ ግምገማም አይደለም፤ ዘግይቶ ከተደረገ የግማሽ ሰዓት ጭውውት ነው።