የሞት ፍትሕ፦ ስለ «ሪስክ ኦፍ ሬን» የተጫዋቾች ብያኔ ከአዊ ምድር የተጻፈ ሐተታ

ደንከን ድረመንድና ፖል ሞርስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ገና በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ፣ ሆፑ ጌምስ ብለው ለሰየሙት አነስተኛ ማኅበራቸው ከሕዝብ መዋጮ ገንዘብ አሰባስበው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሪስክ ኦፍ ሬን» የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ለገበያ ካቀረቡ ወዲህ፣ ስለዚሁ ጨዋታና በ2020 ተጠናቆ ስለ ወጣው ሁለተኛ ክፍሉ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ተጫዋቾች የጻፉት አስተያየት እጅግ ብዙ ነው። ይህን ክምር በትዕግሥት ያገላበጠ አንባቢ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ተጫዋቾቹ ስለ ሥዕሉ ውበትና ግሪካዊው ክሪስ ክሪስቶዱሉ ስለ ደረሰው ዜማ ምስጋናቸውን በአንድ ቃል ካሳለፉ በኋላ፣ ብዙውን ቀለማቸውን የሚያፈሱት በሞታቸው ላይ መሆኑ ነው። በምን ምክንያት እንደ ሞቱ፣ ሞቱ ይገባቸው እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር፣ በደለኛው የገዛ እጃቸው ይሁን ወይም የጨዋታው ሠሪ፣ ይህን ሁሉ እየመረመሩ ይፈርዳሉ። ስለዚህ ይህ ጸሐፊ አስተያየታቸውን የሚያነበው እንደ ችሎት መዝገብ ነው።

ጨዋታው የሚመደብበት ወገን «ሮግላይክ» ይባላል። ስሙን ያወረሰው «ሮግ» የተባለው፣ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን፣ በኋላም ኬን አርኖልድ፣ በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ የደረሱት፣ ሥዕል የሌለውና በፊደላትና በምልክቶች ብቻ የሚታይ ጨዋታ ሲሆን፣ ሕጉም በሁለት ዐምድ የቆመ ነበር፤ ተጫዋቹ የሚወርድበት ዋሻ በወረደ ቁጥር እንደ አዲስ ይፈጠራል፤ የሞተም አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ2008 የዚህ ወገን ሊቃውንት በበርሊን ተሰብስበው ማን ኦርቶዶክስ፣ ማን መናፍቅ እንደሆነ የሚለይ ቀኖና ለመደንገግ ሞክረው ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ዴሪክ ዩ የተባለው ሠሪ «ስፔላንኪ»ን አውጥቶ፣ ተራ ጠብቆ መንቀሳቀስን ሽሮ፣ ሞትንና ዕጣን ብቻ ከእጅ ፍጥነት ጋር ስላጋባቸው፣ ቀኖናው ቀለሙ ሳይደርቅ ተናጋ። «ሪስክ ኦፍ ሬን» የዚህ የጋብቻ ልጅ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ የጭነት መርከበ ሰማይ በማይታወቅ ፕላኔት ላይ ይሰበራል፤ ከጥፋቱ የተረፈ አንድ ሰው ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚያሻግረውን መሣሪያ እየፈለገ፣ ሣጥን እየከፈተ፣ ከፕላኔቱ ፍጥረታት ጋር እየተዋጋ ይጓዛል። ምስጢሩ ያለው ግን በጊዜ ላይ ነው፤ በማያ ገጹ ጥግ የተቀመጠው መለኪያ በደቂቃ ብዛት እየገፋ ሲሄድ ጠላቶቹ ይበረታሉ፣ ይበዛሉ፣ የመለኪያውም የመጨረሻ እርከን ቃል የለውም፤ «ሃሃሃሃ» የሚል ሳቅ ብቻ ተጽፎበታል። ስለዚህ ሀብት ለመሰብሰብ የዘገየ ሰው በሀብቱ ልክ የጠላቱን ኃይል ያበዛል፣ የቸኮለ ደግሞ ባዶ እጁን ይደርሳል። በሁለተኛው ክፍል ማሻገሪያው ከተነካ በኋላ ለ90 ሰከንድ በክቡ ውስጥ ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው፤ ከክቡ የወጣ እንደሆነ ቆጠራው ይቆማል፤ ስለዚህ ሽሽት የለመደች እግር በዚያች ደቂቃ ተኩል ትፈተናለች።

የክርክሩ ሥር ዕጣ ነው። ሣጥኑ ምን እንደሚሰጥ አይታወቅምና፣ አንዱ ተጫዋች በመጀመሪያው ስፍራ ያገኘውን ሌላው እስከ ፍጻሜው አያገኘውም፤ ከዚህ የተነሣ የአንድ ወገን ተጫዋቾች «ያሸነፈን ዕጣ እንጂ ጠላት አይደለም» የሚል ሐሳብ ደጋግመው ይጽፋሉ። የሌላው ወገን መልስ ይበልጥ የረቀቀ ነው። በሁለተኛው ክፍል የወታደር መርፌ የሚባለው ዕቃ አንዱ የመምቻ ፍጥነትን በመቶ 15 ይጨምራል፤ መነጽሩ ደግሞ ምት ሁሉ እጥፍ ጉዳት የሚያደርስበትን ዕድል በመቶ 10 ያበዛል፤ እንግዲህ አሥር መነጽር የሰበሰበ ሰው ዕድሉ መቶ በመቶ ስለሚሞላ ዕጣ መሆኑ ቀርቶ ርግጥ ሆኖለታል። ከዚህም ሌላ አንዱን ዕቃ ተቀብሎ አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ዕቃ የሚመልስ መሣሪያ በየስፍራው ስለ ተተከለ፣ አዋቂ ተጫዋች ያልፈለገውን ወደ ፈለገው ይለውጣል። በእኔ ፍርድ ይህ ሁለተኛው ወገን ልክ ነው፤ ዕጣ ባለበት ጨዋታ ፍትሕ የሚገኘው ዕጣውን በማጥፋት አይደለም፤ ከዕጣው በኋላ ለሰው ምርጫ የሚሆን ሰፊ ስፍራ በመተው ነው። ሠሪዎቹም ዕቃውን ሁሉ ተጫዋቹ ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅድ ልዩ ሥርዐት አኑረዋል፤ ብዙ ሰዎች ግን ሞክረውት ቶሎ ይሰለቻሉ፤ ይህም የዕጣ ጠላቶች ራሳቸው ዕጣን እንደሚናፍቁ ያስረዳል።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረው የሁለተኛው ክፍል የመጨረሻ ባላጋራ ሚትሪክስ ነው። ይህ ባላጋራ በውጊያው አራተኛ ምዕራፍ ተጫዋቹ ሲደክምለት የቆየውን ዕቃ ሁሉ ነጥቆ ለራሱ ይታጠቀዋል። «የአንድ ሰዓት ልፋቴን ቀማኝ» የሚል ሰው የሚያሳዝን ነው፣ ቁጣውም ይገባኛል፤ ነገር ግን ባላጋራው በተመታ ቁጥር የነጠቀውን እየመለሰ ስለሚሄድ፣ ዕቃን ብቻ ታምኖ ጣቶቹን ያላሠለጠነ ሰው ካልሆነ በቀር በዚህ ምዕራፍ ያለ ጥፋቱ የሚጠፋ የለም። እኔ ዳኛ ብሆን ሚትሪክስን ነጻ እለቀው ነበር።

በአዊ ምድር ላደገ ሰው የዚህ ዓይነት ሙግት እንግዳ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የዐድዋን ፈረሰኞች እያሰበ በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል፣ ጉግስ የሚጫወቱት ፈረሰኞች አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው በዘንግ ያሳድዳል፣ የሚሸሸውም በጋሻ ይመክታል፤ ከሜዳው ዳር የቆመው ሕዝብ ግን የመታውን ሁሉ አያመሰግንም። ፈረሱ የተደናቀፈበትን ሰው መምታት ክብር አይሆንም፤ በሙሉ ግልቢያ፣ ጋሻው ተነሥቶ ሳለ፣ ክፍተቱን አይቶ የወረወረ ግን በሽማግሌ ሳይቀር ይወደሳል። የተመቺው ዕድልና የመቺው ጥበብ በአንድ አፍታ ይመዘናሉ፣ ክርክሩም በዓሉ ካለፈ በኋላ በየጠጅ ቤቱ ይቀጥላል።

የቀድሞው የሰንጠረዥ ጨዋታችን ሥርዐት ከዚህ ይበልጥ የተብራራ ነበር። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ እንደሚታየው፣ በቀድሞው ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው መማረክ እስኪሆን ድረስ ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ እንደ እጁ ፍጥነት ጦሩን ያሰልፍ ነበር፤ ይህም የመክፈቻ ክፍል ወረራ ይባላል። ተራን ሽሮ የእጅን ፍጥነት ከአሳብ ጋር ማጋባት ከስፔላንኪ ዘመን አስቀድሞ በመኳንንቱ አዳራሽ የታወቀ ነበር ማለት ነው። ንጉሡን ፈረስ ወይም ደር በተባለው ጠጠር መግደል ጥበብ የጎደለው ድል ተቆጥሮ ሲናቅ፣ በደካሞቹ ጠጠሮች ኅብረት መግደል ግን ይወደስ ነበር። ድል ራሱ መዓርግ ነበረው። ዛሬ በእጅ ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ የሚገለጸው ብያኔ ይህን መዓርግ የሚገልጥበት አፍ የለውም።

ስቲም የተባለው የጨዋታ ገበያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰበስበው አስተያየት እንዲህ ያለ ነው፤ ከመቶ ሰው ከ40 እስከ 69 የወደደው ጨዋታ «ድብልቅ» ይባላል፣ ከዚያ በላይ እየወጣ በምስጋና እርከን ይሾማል። ቆጠራው ዋጋ የለውም አልልም፤ የአደጋ ደወል ሆኖ ሲያገለግል ታይቷልና። የጨዋታውን መብት እ.ኤ.አ. በ2022 የገዛው ጊርቦክስ የተባለው ኩባንያ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. «ሲከርስ ኦፍ ዘ ስቶርም» የተባለውን ተጨማሪ ክፍል ሲያወጣ፣ የጨዋታው እንቅስቃሴና የምቱ ፍጥነት ማያ ገጹ በሰከንድ ከሚያሳየው የሥዕል ብዛት ጋር ተቆራኝቶ ስለ ተገኘ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጨዋታ ውስጥ እንደ ኮምፒዩተራቸው ኃይል በተለያየ ሕግ ይገዙ ጀመር፤ ተጫዋቹም በአንድ ድምፅ ተነሣ፣ ኩባንያውም ጥፋቱን አምኖ ማረም ግድ ሆነበት። እዚህም ላይ ልብ የሚባለው፣ ሕዝቡ የተቆጣው ጨዋታው ስለ ከበደ አልነበረም፤ ሕጉ ለሁሉ እኩል ባለመሆኑ ነበር።

ዳሩ ግን በዚህ ታላቅ ችሎት የአዊዋ ከተማ ዳንግላ አልተጠራችም። አስተያየት ለመጻፍ ጨዋታውን በገበያው መዝገብ በስም መያዝ ያስፈልጋል፤ በዚያ ገበያ ዋጋ ከሚታይባቸው ገንዘቦች መካከል ግን ብር የለም፣ ከሚገለገልባቸው ቋንቋዎችም መካከል አማርኛም አገውኛም የሉም። በከተሞቻችን ባሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሒሳቡ ብዙ ጊዜ በጨዋታ ብዛት፣ አንዳንዴም በተሸናፊው ኪስ ስለሚከፈል፣ ቶሎ የሚያልቀው የእግር ኳስ ጨዋታ ነግሦ፣ አንድ ሰዓት የሚፈጅ የብቻ ጉዞ ስፍራ አያገኝም፤ እንዲህ ያለው ጨዋታ የሚተላለፈው በፍላሽ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜም፣ መስመር የማይሻ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ የሚሠራ፣ በተከፈተ ቁጥርም አዲስ የሚሆን ጨዋታ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት ምሁር መሆን አያሻም። በፍላሽ የተቀዳ ጨዋታ ለሠሪው ዋጋው ያልተከፈለ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን መክፈያው በሩ የተዘጋበት ሰው ፍርዱም አብሮ ሲዘጋበት፣ የዓለም ተጫዋቾች አስተያየት የሚባለው ነገር የገዢዎች አስተያየት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

እንግዲህ ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ከተማሪዎቻችሁ መካከል እነዚህን ጨዋታዎች የሚያውቁ አሉ፤ ከተሸነፉበት ጉዞ በኋላ የሞታቸውን ምክንያትና የፈረዱትን ፍርድ በአማርኛ ወይም በአገውኛ በአንድ ገጽ እንዲጽፉ እዘዟቸው፣ ጽሑፉንም በቤተ መጻሕፍቱ አኑሩት።