ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ

የዚህ የዓመት መጽሐፍ አዘጋጆች «እስቲ ትዝታሽን ጻፊልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ለወሎ ሰው ትዝታ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ያለፈውን ማስታወስ ነው፣ ሁለተኛው ክራር የሚቃኝበት ቅኝት ነው። ስለ አናቶሚ ፈተናና ስለ ካፌው ሰልፍ ሌሎቻችሁ ከኔ የተሻለ ትጽፋላችሁ። እኔ ስለ ዘፈን ልጻፍ። ሐኪም ስለ ዘፈን ምን አገባት የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ጎንደር የገባነው በ1990 ዓ.ም. ነው። ስንገባ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፤ በ1997 ስንመረቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እኔ ከመርሳ ተነስቼ በወልዲያ በኩል የቻይናን መንገድ ይዤ፣ ጋሸናን፣ ንፋስ መውጫንና ደብረ ታቦርን አልፌ ወረታ ስደርስ ነበር «እንግዲህ ቀረበ» የምለው። አገርሽ የት ነው ስባል ወልዲያ እል ነበር። መርሳ ካልኩ «እሱ ደግሞ የት ነው?» ይከተላል። ሀብሩ ካልኩማ ጭራሽ ካርታ መሳል ነው።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ፈተና በጨረስንበት ምሽት ጓደኞቼ አዝማሪ ቤት ወሰዱኝ። ጎንደር እንደ ቡርቧክስ ያለ የአዝማሪዎች መንደር በአቅራቢያው ያለው አገር ነው፤ እዚያ ተምሮ አዝማሪ ሳይሰማ የሄደ ሰው ያለ አይመስለኝም። አዝማሪው ዞር ዞር ሲል እኔ ጋ ደረሰና «እህት ዓለም፣ አገርሽ ወዴት ነው?» አለኝ። ወልዲያ አልኩት። በዚያችው አንዲት የጭራ ገመድ ላይ ጣቶቹን አዛወረና አምባሰል ጀመረ። ጓደኞቼ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። «የኛ አገር ዜማ ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። አንዷ ጓደኛዬ (ይህን ስታነብ ራሷን ታውቃለች) «እሺ፣ ማን ነው ያወጣው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ከመርሳ ወደ ደሴ ሲወርዱ ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ሲደረስ አምባሰል ነው፤ ሀብሩና አምባሰል ድንበርተኛ ናቸው። ጎረቤቴ ነው እንግዲህ። ግን ማን አወጣው?

በወቅቱ የካሴት ሽፋን ታነቡ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። የባህል ዘፈን ከሆነ «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ይላል። እኔም ለጓደኛዬ በመጨረሻ የሰጠኋት መልስ ይኸው ነበር፤ «የሕዝብ ነው።»

ሥራ ይዤ ወልዲያ ከተመለስኩ በኋላ ይህን ነገር በትርፍ ጊዜዬ ማንበብ ጀመርኩ። በየሙዚቃ ትምህርቱ የሚጠሩት ዋናዎቹ ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ የቦታ ስም የሚጠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት በአምስት ድምፅ ይሠራል። ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። እንግዲህ አምባሰል ላይ ሁለት ቦታ ድምፆቹ በግማሽ ድምፅ ብቻ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ሙሉው ትዝታ ላይ እንዲህ ያለ መጠጋጋት የለም። አምባሰል ሲሰማ ልብ ላይ ጠበብ የሚለው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ይህን የነገሩን ሰዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ የአገራችንን ሙዚቃ ለዓለም ምሁራን አስተዋውቀዋል። ሲንትያ ኪምበርሊን በ1976 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት መሰንቆና ቅኝት ላይ ነበር። ዕዝራ አባተም የቅኝቶቹን አፈጣጠርና አወቃቀር ተንትነው ጽፈዋል። በኛ ቋንቋ ልናገር፤ አናቶሚው ተሠርቷል። የቀረው ሂስትሪው ነው። ማን ዘፈነው? ለማን? መቼ? ምን ሆኖ? በሽተኛ ፊታችን ሲቀመጥ መጀመሪያ የምንጠይቀውን ዘፈኑን አልጠየቅነውም።

ሌላም ችግር አለ። አያቴ ሙስሊም ቤት ተወልዳ ክርስቲያን ያገባች ሴት ነበረች። ለኛ አገር ሰው ይህ ወሬ አይደለም፤ ሠርግ ላይ ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ ሁሉም የየራሱን በልቶ አብሮ ይጨፍራል። እህቶቿ ቤት ወዳጃ ሲኖር ትሄዳለች፤ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል መንዙማውን ትቀበላለች። ጎረቤት ሲሞት ሙሾ ታወርዳለች። ወፍጮ ላይ ስትቀመጥ ታንጎራጉራለች። ሁሴን አህመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ እስልምና እንዴት እንደ ተስፋፋ ሲጽፉ፣ የኛ የየጁዋ ዳና በዚያ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላት። ግን በዩኒቨርሲቲው አሠራር መንዙማው ለታሪክና ለእስልምና ጥናት፣ ሙሾው ለሥነ ቃል፣ አምባሰሉ ለሙዚቃ፣ ኪነቱ ለቴአትር ክፍል ይከፋፈላል። አያቴ ግን ጉሮሮዋ አንድ ነበር።

ኪነት ካነሳሁ አይቀር ወደ አክስቴ ልምጣ።

በደርግ ዘመን እያንዳንዱ ቀበሌ የኪነት ቡድን ነበረው። ደሴ ላይ ደግሞ ማሪቱ ለገሠን የመሰሉ ድምፃውያን ያለፉበት የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነበር፤ የገጠር ከተማ ልጅ ሁሉ ምኞት እዚያ መድረስ ነው። አክስቴ መርሳ ላይ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበረች፤ ዘፋኝም የአጭር ድራማ ተዋናይም። በ1976 ክረምት ዕድሜዋ 17 ነበር። መስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ስለሆነ ቡድኑ ቀን ከቀን ልምምድ ላይ ነው። ያው ክረምት ደግሞ ዝናቡ የከዳን ክረምት ነበር። ከደጋው የወረደው ሰው ዋናውን መንገድ ይዞ ያልፋል፤ አንዳንዱ ማለፍ አቅቶት እዚያው ዳር ላይ ይቀራል። እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ዘመን የሚታወሰኝ እናቴ በሩን ዘግታ እንጀራ ስትጋግር ብቻ ነው። ለምን እንደምትዘጋ የገባኝ አድጌ ነው።

ካሜራ ወደ ወሎ ያን ጊዜ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1973 እ.ኤ.አ. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቀረበ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀነባብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበውና መሐመድ አሚን የቀረጸው ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ኮረም ያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር፤ ከኛው መንገድ ላይ፣ ከወልዲያ በስተሰሜን። በወሩ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ዘፈን አወጡ። ብዙ ገንዘብ ተገኘበት፤ ያ ገንዘብ ነፍስ አድኗል፤ አላማርርም። ግን ዘፈኑ ስለማን ነበር? በዚያው ክፍለ ሀገር ላሊበላ ላይ በየዓመቱ ገና ማለዳ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ እያሉ ለሚያከብሩ ሰዎች ነበር። ዓለም ስለኛ ሲዘፍን የኛን ዘፈን የሰማ አልነበረም።

እንግዲህ በዚያ ወቅት ወሎ ላይ ሦስት ድምፅ ነበር። አንደኛው በአዳራሽ የሚዘፈነው የበዓሉ ዘፈን ነው፤ መንግሥት ቀዳው። ሁለተኛው የውጭ ካሜራ ያነሳው ልቅሶ ነው፤ ዓለም ሰማው። ሦስተኛውን ያወቅሁት በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በሐኪምነቴ።

አክስቴ በዚያ ዓመት ስትሮክ መታት። ቀኝ እጅና እግሯ አልታዘዝ አለ፤ ንግግሯ ጠፋ። የሚባለውን ትሰማለች፣ መልስ ልትሰጥ ትሞክራለች፣ የሚወጣው «እ... እ...» ብቻ ነው። አፌዥያ የምንለው ነው። በአራተኛው ቀን እናቴ ፊቷን እያጠበቻት በልማድ ማንጎራጎር ስትጀምር አክስቴ ተቀበለቻት። በቃል! መጀመሪያ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የ10ኛው ዓመት በዓል ሰልፍ ዘፈን። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ማዶ አልጋ ላይ የነበሩ አንድ አባትም በሹክሹክታ ሲያጅቧት አየሁ።

ባልደረቦቼ እንደምታውቁት ይህ ተአምር አይደለም። ኦሎፍ ዳሊን የተባለ ስዊድናዊ በ1745 እ.ኤ.አ. መናገር ተስኖት መዝሙር ግን መዘመር የሚችል በሽተኛ ጽፏል። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ አልበርት፣ ስፓርክስና ሄልም የተባሉ የቦስተን ባለሙያዎች በዜማ ንግግርን የማስመለስ ሕክምና አስተዋውቀዋል። ንግግር በአብዛኛው የግራው የአንጎል ክፍል ሥራ ነው፤ ዜማ ግን በቀኙም ላይ ስለሚደገፍ አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላው አንዳንዴ ክፍት ሆኖ ይገኛል።

ማታ ላይ አክስቴ ብቻዋን አምባሰል ጀመረች። ሰምቼው የማላውቀው ግጥም ነው። ከደጋ ስለ መጣች አራስ ይናገራል፤ አጥራችን ጥግ አድራ ጠዋት ስላልተነሳች፣ ሕፃኑንም ሌሎች መንገደኞች ይዘውት ስለ ሄዱ። ስሟን ይጠራል። መንደሯን ይጠራል። እናቴን «ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት። «ያን ጊዜ ራሷ ያወጣችው ነዋ! ቀን አዳራሽ ትዘፍናለች፣ ማታ ወፍጮ ላይ ቁጭ ብላ ይህን ትላለች። እናታችን ሰው እንዳይሰማ ዝም በይ እያለቻት።»

የጓደኛዬ ጥያቄ መልስ፣ ከ16 ዓመት በኋላ፣ አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ቢያንስ ይህኛውን ያወጣው ሕዝብ አልነበረም፤ አክስቴ ናት።

ምን አደረግሁ? ካርዷ ላይ «መናገር አትችልም፤ ትዘፍናለች» ብዬ ጻፍኩ። ስልኬ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር፤ አልቀዳሁም። ነገ ይደርሳል አልኩ፤ ተረኛ ነበርኩ፣ ሌላ በሽተኛ ጠሩኝ። ከዚያ በኋላ ንግግሯ ጥቂት ጥቂት ሲመለስ ዘፈኑን መድገም አልፈለገችም፤ እኔም አላስቸገርኳትም። በ2011 ዓ.ም. ዐረፈች። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ሲደርስ እናቴን ይዘን ወጣን፤ በጥር ስንመለስ የኪነቱ ፎቶና ካሴት የነበረበት ሳጥን አልነበረም።

አሁን ዘፈኑን የምታውቅ አንዲት ሰው እናቴ ናት። ዜማውን ይዛዋለች፤ የአራሷንም ስም ይዛለች። የመንደሩን ስም ግን ረስታዋለች። እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ እኔም ረስቼዋለሁ። ሕፃኑ ተርፎ ከሆነ ዛሬ 40 ዓመት አልፎታል። እናቱን የሚፈልግ ሰው ሊሆን ይችላል። ከየት እንደ መጣች የሚናገረው ማስረጃ አንድ የአምባሰል ስንኝ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ለተመራቂ ጓደኞቼም ለመምህራኑም አንድ ልመና አለኝ። ትልቅ ፕሮጀክት አልጠይቅም። ወልዲያ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ መርሳም ግቢ አለው፣ የኛውም ጎንደር አለ፤ የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍና የቴአትር መምህራን ተማሪ ወደ መስክ ሲልኩ ግጥሙን ብቻ እንዳይዝ ይንገሩት። እኛ በሽተኛን እንደምንጠይቅ ይጠይቅ፤ ስምዎ ማን ነው? የየት አገር ሰው ነዎት? ከማን ተማሩት? ለማን ነበር? የዚያን ጊዜ ምን ሆኖ ነበር? ይህን ለሌላ ሰው ባሰማ ይፈቅዳሉ? ሐኪሞችም ብንሆን ዎርዳችን ውስጥ የሚያንጎራጉር አዛውንት አይጠፋም። ፈቃድ ጠይቀን መቅዳት አምስት ደቂቃ ነው። ለሚቀጥለው መገናኛችን ሁላችንም አንድ አንድ ድምፅ ይዘን ብንመጣስ?

እኔ ጀምሬያለሁ። ባለፈው እሑድ እናቴን ቡና አፍልታ፣ በረካው ላይ፣ አስዘፈንኳትና ቀዳኋት። መንደሩ ጋ ስትደርስ ዜማውን ባዶውን አለፈችው። ቀድቼ ስጨርስ ስልኩ የፋይሉን ስም ጠየቀኝ። «ግጥምና ዜማ፦» ብዬ የአክስቴን ሙሉ ስም ጻፍኩበት።