ኬዝ-ኮንትሮል ጥናት
ኬዝ-ኮንትሮል ጥናት ከበሽታው ተነስቶ ወደ መንስኤው የሚመለስ የሕክምና ምርምር ስልት ነው። ተመራማሪው በሽታው የያዛቸውን (ኬዝ) እና ያልያዛቸውን (ኮንትሮል) ሰዎች መርጦ፣ ቀደም ሲል ለምን ነገር ተጋልጠው እንደነበር ያነጻጽራል።

ብርታቱ ጎልቶ የሚታየው በሽታው ብርቅ ሲሆን ነው። በቦስተን ሐኪሞች በወጣት ሴቶች ላይ እምብዛም የማይታይ የብልት ካንሰር ሲገጥማቸው፣ አርተር ኸርብስትና ባልደረቦቹ ስምንት ታማሚዎችን ይዘው ምርመራ ጀመሩ። ለእያንዳንዷ፣ እሷ በተወለደችበት ሆስፒታል በአምስት ቀን ልዩነት ውስጥ የተወለዱ አራት ሴቶችን መደቡ። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመው ውጤት አስደንጋጭ ነበር፦ የሰባቱ ታማሚዎች እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ፣ ፅንስ እንዳይጨነግፍ ተብሎ፣ ዳይኢታይልስቲልቤስትሮል የተባለ ሰው ሠራሽ ሆርሞን ወስደዋል። ከ32ቱ ኮንትሮሎች እናቶች አንዷም አልወሰደችም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚያው ዓመት መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡሮች እንዳይታዘዝ አስጠነቀቀ። የተነጻጸሩት ሴቶች ግን 40 ብቻ ነበሩ!

ስልቱ ፈጣንና ወጪ ቆጣቢ ቢሆንም ወጥመድ አያጣም። ልጇ የታመመባት እናት ያለፈውን ከሌላዋ ይልቅ አብዝታ ታስታውሳለች። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የኮንትሮል ምርጫ ነው። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን ሲያጠኑ ኮንትሮሎቻቸው በሌላ በሽታ ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ያሳመማቸው ሲጋራው ራሱ ከሆነ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚታየው ልዩነት ከእውነተኛው ያንሳል።