ኪሮሽ

ኪሮሽ ጫፉ እንደ መንጠቆ በታጠፈ አንድ መሣሪያ ክርን እየሳቡና እርስ በርሱ እያያያዙ ጨርቅ መሰል ነገር የሚሠሩበት የእጅ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ቃሉ ለመሣሪያውም ለሥራውም ያገለግላል። በቀጭን የጥጥ ክር የሚሠራው ጌጥ ግን ይበልጥ የሚታወቀው ዳንቴል በሚለው ስም ነው። በመቀሌም ሆነ በአዲስ አበባ ብዙ ቤቶች ውስጥ የሶፋ መደገፊያ፣ የጠረጴዛ፣ የቴሌቪዥንና የትራስ ዳንቴል ይገኛል። በወፍራም ክር ደግሞ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስ፣ ቦርሳና የሕፃናት ልብስ ይሠራል።

ሥራውን ለመጀመር አንድ ኪሮሽ፣ አንድ ጥቅል ክርና መቀስ ይበቃል፤ መብራትም ሆነ ማሽን አያስፈልግም። ጀማሪን በአብዛኛው የሚያሰናክለው የእጅ ፍጥነት ማነስ ሳይሆን ቆጠራ መሳትና ክሩን አንዴ አጥብቆ አንዴ አላልቶ መያዝ ነው።

ስያሜ

ኪሮሽ የሚለው ቃል ምንጩ ፈረንሳይኛ ሲሆን «ትንሽ መንጠቆ» ማለት ነው። ዳንቴልም እንዲሁ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «ጥርስ» ከሚለው ቃል የተገኘ ነው፤ ስያሜው የጌጡ ጠርዝ እንደ ጥርስ የተደረደረ መሆኑን ያመለክታል።

ከሽመናና ከሹራብ የሚለይበት

ሸማኔ ጥበብ ወይም ጋቢ ሲሠራ ድርና ማግ የተባሉ ሁለት ክሮችን ያስተላልፋል። በሹራብ ሥራ ደግሞ በርካታ ቀለበቶች በረጃጅም መርፌዎች ላይ ተደርድረው ይቆያሉ፤ አንዱ ካመለጠ ከሥሩ ያለውም ሊተረተር ይችላል። በኪሮሽ ግን አንዱ ዓይን ሳያልቅ ሌላው ስለማይጀመር አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያው ላይ የሚቀረው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ጀማሪ ክሩን ስቦ እስከ ስህተቱ ቦታ ድረስ መተርተርና ከዚያው መቀጠል ይችላል።

ሌላው ልዩነት የማሽን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በተመረቀው የመቀሌ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዓይነት ቦታ የሚመረቱ ልብሶች በማሽን የተሸመነ ወይም የተሠራ ጨርቅ ተቆርጦ የሚሰፉ ናቸው። እውነተኛ ኪሮሽ ግን እስካሁን የሚሠራው በእጅ ነው። ገበያ ላይ ያለ የኪሮሽ ሥራ ሁሉ የአንድ ሰው የእጅ ሰዓት አለበት።

ታሪክ

ኪሮሽ በአውሮፓ በስፋት የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከቀደምት የታተሙ ንድፎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1823 በኔዘርላንድ ፔኔሎፔ በተባለ መጽሔት ላይ የወጡት ይጠቀሳሉ። በ1840ዎቹ ኤሌዮኖር ሪዬጎ ዴ ላ ብራንሻርዲየር በእንግሊዝ ያሳተመቻቸው የንድፍ መጻሕፍት ሥራውን ይበልጥ አስፋፉት። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1845 የድንች በሽታ ካስከተለው ታላቅ ረሃብ በኋላ ብዙ ቤተሰቦች የኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩ በመሸጥ ገቢ አግኝተዋል።

በኢትዮጵያ ሥራው በአብዛኛው የተላለፈው ከእናት፣ ከአክስት፣ ከታላቅ እህት ወይም ከጎረቤት በማየት፣ እንዲሁም በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ በነበረው የእጅ ሥራ ትምህርት ነው። የለመደች ሠሪ ያለቀ ዳንቴል ተውሳ ዓይኑን በመቁጠር ብቻ አስመስላ ትሠራለች።

መሣሪያዎች

ኪሮሽ የሚለካው በዘንጉ ውፍረት በሚሊሜትር ነው። ለዳንቴል ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያለው ቀጭን የብረት ኪሮሽ ይመረጣል። ለጀማሪ ግን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነ ኪሮሽና መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር ይሻላል፤ ዓይኑ ጎልቶ ስለሚታይ ለመቁጠር አይቸግርም። ክሩ ፈካ ያለና አንድ ቀለም ቢሆን ይመረጣል፤ በጥቁር ወይም ጸጉራም ክር ላይ ዓይን መለየት ለለመደ ሰውም ያስቸግራል። የክሩን ጫፍ ለመደበቅ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ መርፌ፣ ቦታ ለማመልከት ደግሞ መርፌ ቁልፍ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር ይጠቅማል።

መሠረታዊ አሠራር

በዚህ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቀው የክር ጥምዝ «ዓይን» ተብሏል። ሥራው የሚጀምረው ኪሮሹ ላይ በሚገባ ሸምቀቆ ነው። ቀኝ እጅ ኪሮሹን ይይዛል፤ የግራ እጅ ጣቶች ክሩን እየለቀቁ ውጥረቱን ይቆጣጠራሉ። ግራኝ የሆነ ሰው ሁሉንም በተቃራኒው ይሠራል።

ሰንሰለት፦ ክሩን ኪሮሹ ላይ መጠምጠምና ባለው ቀለበት ውስጥ ስቦ ማውጣት። ሲደጋገም የሥራው መሠረት ይሆናል።

አጭር ዓይን፦ ኪሮሹን ከታች ባለው ዓይን ማስገባት፣ ክሩን ጠምጥሞ ስቦ ማውጣት፤ ሁለት ቀለበት ይኖራል። እንደገና ጠምጥሞ በሁለቱም ውስጥ ማውጣት።

ረጅም ዓይን፦ ከማስገባት በፊት አንድ ጊዜ መጠምጠም፣ ከዚያ አስገብቶ ስቦ ማውጣት፤ ሦስት ቀለበት ይኖራል። ጠምጥሞ በሁለቱ ውስጥ፣ እንደገና ጠምጥሞ በቀሩት ሁለት ውስጥ ማውጣት።

ማያያዣ ዓይን፦ አስገብቶ የሳቡትን ክር በኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበትም ውስጥ በአንድ ጊዜ ማሳለፍ። ክብ ለመግጠም ያገለግላል።

የመጀመሪያ ሥራ

ለልምምድ የሚመከረው አራት ማዕዘን ቁራጭ ነው። 21 ሰንሰለት ይሠራል። ከኪሮሹ ሁለተኛ በሆነው ሰንሰለት ላይ ተጀምሮ እስከ መጨረሻው በእያንዳንዱ ላይ አንድ አጭር ዓይን ሲሠራ 20 ዓይን ይሆናል። ከዚያ 1 ሰንሰለት ተሠርቶ ሥራው ይገለበጣል፤ ተመልሶም 20 አጭር ዓይን ይሠራል። ቁመቱ ከስፋቱ ጋር እኩል እስኪሆን ይደጋገማል። ጨርቁ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲታጠፍ ጠርዞቹ ከገጠሙ ትክክል ነው። ሲያልቅ 15 ሴንቲሜትር ያህል ክር ተርፎ ይቆረጣል፤ በመጨረሻው ቀለበት ተስቦ በመርፌ ውስጥ ለውስጥ ይደበቃል።

ክብ ሥራ

ኮፍያና ክብ ዳንቴል ከመሃል ወደ ውጭ ይሠራሉ። በአጭር ዓይን የመጀመሪያው ዙር 6፣ ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 18፣ አራተኛው 24 ዓይን ይኖረዋል፤ ማለትም በየዙሩ 6 ይጨመራል። ምክንያቱ ሒሳባዊ ነው፦ የክብ ዙሪያ ከመሃል የሚርቀውን ርቀት 6.28 ጊዜ ያህል ስለሆነ፣ ቁመቱና ስፋቱ በሚቀራረብ ዓይን አንድ ዙር ሲጨመር ዙሪያው ወደ 6 ዓይን ያህል ያድጋል። ጭማሪው ሲቆም ጨርቁ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፤ ኮፍያ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ጭማሪው ሲበዛ ደግሞ ጠርዙ ይሞገዳል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ምሁር የነበረችው ዳይና ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንኑ ባሕርይ ተጠቅማ ሃይፐርቦሊክ የተባለውን የጂኦሜትሪ ገጽ በእጅ የሚዳሰስ አድርጋ ሠርታለች።

የተለመዱ ስህተቶች

ጨርቁ ወደ ላይ እየጠበበ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ የረድፉ የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ዓይን ተዘሏል። እየሰፋ ከሄደ በአንድ ቦታ ሁለት ተሠርቷል። መፍትሔው የእያንዳንዱን ረድፍ የመጀመሪያ ዓይን በመርፌ ቁልፍ ማመልከትና ረድፉ ሲያልቅ መቁጠር ነው። ኪሮሹ አልገባ ካለ ክሩ በጣም ተወጥሯል፤ እጅን ማላላት ወይም አንድ ደረጃ ወፍራም ኪሮሽ መውሰድ ይረዳል።

የጽሑፍ ንድፍ

የእንግሊዝኛ ንድፍ ሲነበብ የስም ልዩነት መታየት አለበት። በአሜሪካ ሲንግል ክሮሼ የሚባለው አጭር ዓይን በብሪታንያ ደብል ክሮሼ ይባላል፤ በአሜሪካ ደብል ክሮሼ ማለት ግን ረጅሙ ዓይን ነው። ንድፉ የየትኛው አገር እንደሆነ ሳይለዩ የተጀመረ ሥራ መጠኑ ይዛባል። በምልክት የተሣለ ንድፍ ግን ቋንቋ ሳያስፈልግ ሊነበብ ይችላል።

ዋጋ

የኪሮሽ ሥራ ለሽያጭ ሲቀርብ የክሩ ዋጋ ብቻ ከተቆጠረ ሠሪው ድካሙን በነጻ ይሰጣል። በመሆኑም ጀማሪ ለእያንዳንዱ ሥራ የፈጀውን ክርና ሰዓት መመዝገቡ ይጠቅመዋል፤ በኋላ ትእዛዝ ሲቀበል ዋጋውንም የሚያስረክብበትንም ቀን በግምት ሳይሆን በመዝገቡ ይናገራል።