ትራክተር ጭላሎ የገባ ጊዜ

ስንዴው እየደረሰ ስለሆነ ስለ ኮምባይነር ብዙ ጥያቄ ይመጣልኛል። አንዱ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ «በአጨዳ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ምን ይውጠው?» ይላል። የሁለተኛው ነገር አርሲ ላይ ከሃምሳ ዓመት በፊት ታይቷልና ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ «ካዱ» የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። የታሰበው ለአነስተኛ ገበሬና ለጭሰኛ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ቀረበ፣ ስንዴው አማረ፣ ምርት ጨመረ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ከማማሩ ነው። ባለመሬቱ ቁጭ ብሎ አሰበ። ለጭሰኛ ሰጥቶ ሲሶውን ወይ እኩሌታውን ከሚቀበል፣ ትራክተር አስገብቶ ሁሉንም ቢያፍስስ? አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ሩብ ሄክታር ገደማ ነው (መሬት በ«ጥማድ» የምንለካው ለዚህ አይደል!)፤ ትራክተር ግን ያንን ከቁርስ በፊት ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ለእርሻ የሚገባ ትራክተር ከቀረጥ ነፃ ነበር። ስለዚህ ጭሰኛው በሬውንም ልጆቹንም ይዞ ውጣ ተባለ። ብዙ ሺህ ቤተሰብ ከጭላሎ ተፈናቀለ። ሊረዳው የመጣው ፕሮጀክት መሬቱን አስወደደበት ማለት ነው።

እኔ ትራክተሩን አልወቅስም። ጭሰኛው እጁ ላይ ምንም ወረቀት አልነበረውም፤ ውጣ ሲባል የሚከራከርበት የለውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ጭሰኝነት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ትራክተር አስገባሁ ብሎ ጭሰኛውን ውጣ የሚል ባለመሬት የለም። ዛሬ አርሲና ባሌ ሄዳችሁ ብታዩ ባለ ሁለት ሄክታሩም ኮምባይነር ተከራይቶ ያሳጭዳል።

የሚጎዳው አጫጁ ነው፣ አልዋሻችሁም። ማጭድ ይዞ ከወረዳ ወረዳ ይዞር የነበረው ልጅ ሥራው ቀንሷል። በሱ ፈንታ ኦፕሬተር፣ መካኒክ፣ ጆንያ ሰፊ፣ ደላላ መጥቷል። ከነዚህ ውስጥ ደህና የሚከፈለው ኦፕሬተሩና መካኒኩ ነው፤ አብዛኞቹም ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ናቸው። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ልጅ ያላችሁ፣ ማሽኑ ሲመጣ ረዳት ሆኖ እንዲገባ ጠይቁለት። ብዙው ኦፕሬተር የጀመረው ግሪስ በመቀባት ነው።

እናንተም ብትሆኑ ማጭድ መሳል ስትችሉ የነበረውን ያህል አሁን ማሽን መፈተሽ መቻል አለባችሁ። ጥቂት ሜትር እንዳጨደ ከኋላው ሂዱና ገለባውን በእጃችሁ አራግፉት። ፍሬ ከረገፈ አስቁሙት፤ ከበሮውንና ማራገቢያውን ያስተካክል። ፍሬው ተሰብሮ ከወጣም እንደዚሁ። ከሌላ ማሳ የመጣ ኮምባይነር ደግሞ ሳይጠረግ እንዳይገባ፣ የስናርና የሙጃ ዘር ተሸክሞ ይመጣል። ኦፕሬተሩ «ቸኩያለሁ» ይላችኋል። ይቸኩል፣ ግን ጠርጎ ይግባ።