ከአሞሌ እስከ ጠርሙስ

እናቴ የደም ግፊት እንዳለባት ከተነገራት ወዲህ በጅማው ቤታችን ጨው ምድጃ አጠገብ ድርሽ ብሎ አያውቅም። ወጡ ቀይ ሆነ አልጫ ያለ ጨው ይሠራል፤ እንግዳ ሲመጣ ጨው ለብቻው በስኒ ማስቀመጫ ይቀርባል። ሐኪሙ «አትክልት አብዢ» ስላላት፣ እኔ ልጇ አዋቂ መስዬ ከሂርማታ መርካቶ አንድ ጠርሙስ የአትክልት ጥብስ ሶስ ገዝቼ ገባሁ። ጎመኑም ካሮቱም በእሱ ሲጠበስ ልዩ ሆነ። እናቴ «ያለ ጨው እንዲህ የጣፈጠ ነገር ከየት አመጣህልኝ!» ብላ መረቀችኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስትለካ ግን ግፊቷ ብሶ ተገኘ። ሐኪሙ ምን ምን እንደምትበላ ሲጠይቃት ጠርሙሱ ትዝ አለኝ።

ያን ዕለት ማታ በጠርሙሱ ጀርባ የተጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ። ውኃ፣ ስኳር፣ ሶያ ሶስ፣ ጨው፣ የተሻሻለ ስታርች፣ ኢ 621፣ ኢ 415፣ ኢ 211 ይላል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቁጥሮቹን ነበር። ቁጥር የተለጠፈበት ምግብ እንደ እስረኛ ያስፈራል። ነገር ግን ጥርጣሬ ብቻውን ፍርድ አይሆንምና የእያንዳንዳቸውን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢ 621 የተገኘው በ1908 ነው። ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባሉ ጃፓናዊ የኬሚስትሪ ምሁር ከባሕር አረም የሚሠራው ሾርባ ለምን እንደሚጣፍጥ መረመሩና ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ለዩ። ይኸው ንጥረ ነገር በበሰለ ቲማቲምና በቆየ አይብም ውስጥ በተፈጥሮ አለ።

ኢ 415 ደግሞ ሶሱ እንዳይቀጥንና ውኃና ቅመሙ እንዳይለያዩ የሚያደርገው ሙጫ ነው። አሜሪካኖች ጥቅም ላይ ያዋሉት በ1960ዎቹ ሲሆን፣ የሚሠራው ዛንቶሞናስ የሚባል፣ ጎመን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ስኳር ሲመገብ ከሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ነው። የዚህ ባክቴሪያ ዘመድ ለእኛ አገር ገበሬ እንግዳ አይደለም። እንሰትን የሚያጠወልገውን በሽታ መንስኤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 ለዓለም ሲያሳውቁ፣ ተጠያቂው ዛንቶሞናስ ሆኖ ተገኘ። በ1974 ደግሞ እዚሁ ከጅማ ጎረቤት ከፋ ውስጥ ሙዝንም ማጥቃቱን ጻፉ። የታመመ እንሰት ሲቆረጥ የሚወጣውን ቢጫ ዝልግልግ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አንዱ ዘመድ ጓሮ ያጠፋል፤ ሌላው ፋብሪካ ገብቶ ሶስ ያወፍራል።

ኢ 211 ሻጋታንና እርሾን የሚከላከል ጨው መሰል ነገር ሲሆን፣ የሚሠራው ምግቡ ኮምጣጣ ሲሆን ነው። ከዚህ ወዲያ ይበልጥ ያስገረመኝ የራሳችን ቅመሞች ቁጥር ያላቸው መሆኑ ነው። ቅቤ ስናነጥር የምንጨምረው የእርድ ቀለም ኢ 100 ይባላል፤ የበርበሬው ቅላት ሲጨመቅ ኢ 160ሲ ነው።

እንግዲህ ቁጥር መኖሩ ወንጀል ካልሆነ ወንጀሉ የት ነው? በ2005 እንግሊዝ አገር ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከሱቅ መደርደሪያ ወረዱ። ምክንያቱም አንድ ሶስ የተሠራበት የበርበሬ ዱቄት ሱዳን አንድ በሚባል የፋብሪካ ቀለም ቀልቶ መገኘቱ ነበር። ያ ቀለም በየትኛውም ጠርሙስ ላይ አልተጻፈም። በእኛም ገበያ በርበሬን በሸክላ ዱቄት የሚያበዛ ሰው ስም ዝርዝር አይለጥፍም።

የእኔ ጠርሙስ ግን አልዋሸም። ጨው ብሎ ጽፏል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። በአንድ የሾርባ ማንኪያ 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለው። ሶዲየም በ2.5 ሲባዛ ጨው ይሆናልና፣ እናቴ በምሳ ሰዓት ሁለት ማንኪያ ስትጨምር 4 ግራም ጨው ትበላ ነበር ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው።

ይህ የሆነው ደግሞ በሂርማታ መሆኑ ያሳዝናል፤ ሂርማታ የጨውን ዋጋ ጠንቅቆ የሚያውቅ ስም ነውና። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (1878–1932) ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ የሚቆመው የሐሙስ ገበያ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይሰበስብ ነበር። ከደናክል በረሃ በግመል የተጫነው አሞሌ በሲራራ ነጋዴ እጅ አገር አቋርጦ እዚህ ሲደርስ ገንዘብ ነው። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይንራል። ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ከዚህም የሚከፋው፣ የሰው ልጅ ሳይቀር ይለወጥበት ነበር። እንዲህ ያለውን ጨው እፍኝ ሙሉ ወጥ ውስጥ የሚጨምር ማን ነው? ገንዘብን ማን ይበላል?

ዛሬ ጨው ረክሷል። ፋብሪካ ርካሽ ጣዕም ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው፤ ስኳሩ ደግሞ ጨውነቱን ከምላስ ይደብቅለታል። አያቶቻችን አሞሌውን በዓይናቸው ያዩት፣ በእጃቸው ይመዝኑት ነበር። የእኛ ግን ቡናማ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ፣ በማይነበብ ደቃቅ ፊደል፣ አብዛኛዋ የጅማ እናት በማታውቀው ቋንቋ ተጽፎ ይመጣል።

ጠርሙሱን አልጣልነውም፤ እናቴ አጥባ የጥምዝ ማስቀመጫ አደረገችው። ጎመኑን አሁን በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በሎሚ ትሠራዋለች። እኔ ከሱቅ የታሸገ ነገር ይዤ ስገባ ግን ቀድማ «ጀርባውን አንብብልኝ» ትለኛለች። ቁጥሮቹን ስዘረዝር ዝም ብላ ታዳምጥና «እሱን ተወው፣ ጨው ስንት ነው?» ትላለች።